ያደረ እሳት

በአንድ መብራት ላይ ሁለት ማብሪያ ከታሰረ ማብሪያዎቹ ለየብቻቸው ምንም አይናገሩም። ወደ ላይ የተጫነው በራ፣ ወደ ታች የተጫነው ጠፋ ማለት አይደለም። አንዱ የኮሪደሩ መግቢያ ላይ ነው፣ ሌላው መጨረሻው ላይ። በመካከላቸው ሁለት ሽቦ ተዘርግቷል። ሁለቱ ማብሪያዎች አንዱን ሽቦ ከያዙ ይበራል፤ አንዱ ይህን፣ ሌላው ያን ከያዘ ይጠፋል። ዛሬ ወደ ላይ ሆኖ ያበራው ማብሪያ ነገ እንዳለ ሳይነካ ጨለማ ይሆናል፤ ከማዶ ያለውን ሌላ ሰው ነክቶታላ! አሽዶድ ውስጥ እኛ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ይህን አሠራር በዕብራይስጡ ሂሉፍ እንለዋለን፤ አገር ቤት ያሉት ቱ ዌይ ይሉታል።

ስለ ሰንበት እሳት ለመጻፍ ከማብሪያ መነሳቴ ጥያቄው ራሱ ከእንዲህ ያለ ኮሪደር ስለመጣ ነው። ቤቱ የአንዲት እናት ቤት ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እማማ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። የሚኖሩት ከልጃቸው፣ ከምራታቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ነው። ልጃቸው የሺቫ የሚባለው የራቢዎች ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረ፣ ኪፓውን ከራሱ የማያወርድ፣ የራቢዎቹን ሕግ ጠንቅቆ የሚጠብቅ ሰው ነው። እማማ ደግሞ ከጎንደር ይዘውት የመጡትን ሰንበት እንጂ ሌላ አያውቁም፤ ማወቅም አይፈልጉም። በዚያ ቤት ኮሪደሩ ሳሎን በኩል ብርሃኑን ዝቅ ከፍ የሚያደርግ ዲመር አለው፤ በእማማ መኝታ ቤት በኩል ያለው ተራ ማብሪያ ነው። ዲመሩ የገባው ለጌጥ አልነበረም፤ ለዕርቅ ነው። ልጅየው ሰንበት ሲገባ መብራቱ በርቶ እንዲያድር ይፈልጋል፣ ሕፃናቱ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ እንዳይፈሩ። እማማ ዓርብ ማታ የሚነድ ነገር ባለበት ቤት እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ስለዚህ ምራትየዋ ሻማውን ከመለኮሷ በፊት ዲመሩ እስከ መጨረሻው ዝቅ ይላል፤ ከዚያ እስከ ቅዳሜ ማታ የሚነካው የለም። ሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሽ አገኘ ተብሎ ለዓመታት ኖረ።

ዕርቁን ያፈረሱት አምፖሎቹ ናቸው። አምስቱ አሮጌ ሃሎጅኖች አንድ በአንድ ሲቃጠሉ ቤተሰቡ በኤል ኢ ዲ ተካቸው። ከዚያ ወዲህ ዲመሩ ዝቅ ሲል መብራቱ ይርገበገባል፣ ግድግዳው ውስጥም ንብ የገባበት ይመስል ይጮኻል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የአሮጌው ዲመር ጀርባ ላይ ከ60 እስከ 400 ዋት ይላል፤ አምስቱ ኤል ኢ ዲዎች ተደምረው 25 ዋት አይሞሉም። የሚሸከመው ክብደት ሲያንሰው መቆጣጠር ያቅተዋል። ለኤል ኢ ዲ የተሠራ፣ የሞገዱን መነሻ ሳይሆን መጨረሻውን የሚቆርጥ ሌላ ዲመር ያስፈልጋል፤ አምፖሎቹም ዝቅ ከፍ ማለት የሚችሉ መሆን አለባቸው፤ ካርቶናቸው ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ጥቂት ልበል። በእስራኤል የ1954ቱ የኤሌክትሪክ ሕግ ፈቃድ የሌለው ሰው በኤሌክትሪክ ሥራ እጁን እንዳያስገባ ይከለክላል፤ ስለዚህ ይህን አንብቦ ብሎን መፍቻ የሚያነሳ አይኑር። ብሬከሩ ይወርዳል፤ ሽቦው በድን መሆኑ በሞካሪ ይረጋገጣል፤ ዲመሩ ተፈትቶ ከሳጥኑ ሲወጣ ሦስት ሽቦ ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ከማዶው ማብሪያ የሚመጡት ናቸው፤ ሦስተኛው የጋራው ነው። የሥራው ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ ምንም ሳይነቀል በፊት የጋራው ሽቦ በፕላስተር ምልክት ይደረግበታል። የሽቦ ቀለም አይታመንም፤ ከ30 ዓመት በፊት የሠራው ሰው ያገኘውን ቀለም ነው የሳበው። የጋራው ቦታውን ከሳተ መብራቱ የሚታዘዘው ሌላኛው ማብሪያ ሲፈቅድለት ብቻ ነው። ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ተራ ዲመር አይገባም፤ አንዱ ዲመር ከሆነ ሌላው ማብሪያ ሆኖ ይቀራል። ከሁለት ቦታ ማብራትና ማጥፋት ይቻላል፤ ልኩን የሚወስነው ግን አንድ ብቻ ነው።

እኔ ይህን ስሠራ እማማ በርጩማ አስመጥተው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ልጃቸው በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «ይሄ መብራት ዓርብ የተለኮሰ ነው ብለው ትተውት ያድራሉ። እውነት ዓርብ የተለኮሰው ነው የሚያድረው፣ ወይስ ሌሊቱን ሙሉ እየተለኮሰ ነው?»

የያዝኩትን አስቀመጥኩ። ራቢ ቢጠየቅ ምን እንደሚመልስ አውቃለሁ። እኔ ግን እጄ ላይ ያለው ዲመር ነበር፤ ዲመር ደግሞ ለዚህ ጥያቄ መጥፎ ምስክር ነው። ሰው እንደሚያስበው መብራቱን አያለዝበውም። እዚህ አገር ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ እያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ግማሽ አለው፤ ዲመሩ እያንዳንዱን ግማሽ ይቆርጠዋል። ከግማሹ የተወሰነውን ያሳልፋል፣ የቀረውን ይዘጋል። ዝቅ ያለ ብርሃን የምንለው ሙሉ ኤሌክትሪክና ፍጹም ባዶ እየተፈራረቁ ዓይናችን ስለማይደርስባቸው አንድ ላይ ቀላቅሎ የሚያየው ነው። የድሮው አምፖል ክር ግሎ ስለሚቆይ በመካከሉ አይጠቁርም ነበር፤ ኤል ኢ ዲ ግን እንደዚያ ያለ ትዝታ የለውም፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ ዕቃ ካላገዘችው።

«እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት? በሰከንድ መቶ ጊዜ ይቋረጣል፣ መቶ ጊዜ ይቀጠላል» አልኳቸው።

«በል እንግዲህ! አላልኩም?» አሉ። ይህን ያሉት ለእኔ አልነበረም፤ ለልጃቸው ነው።

ልጅየው አልተናደደም። «ቢሆንስ? ያ የመሣሪያው ነገር ነው፤ የእኔ እጅ የለበትም» አለ። በሕጉ በኩል ትክክል ነው። ነገር ግን በዚያ አጭር ንግግር ውስጥ ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ክርክር ተቀምጧል፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ የእማማን ጥያቄ እንደ አሮጊት ወሬ የቆጠርኩት ይመስላል።

በዘጸአት ምዕራፍ 35 ላይ በሰንበት ቀን በመኖሪያ ቤት እሳት ማንደድን የሚከለክል አንድ ቁጥር አለ። ራቢዎቹ ክልከላው በሥራው ላይ ነው አሉ፤ የተከለከለው ማንደድ እንጂ የሚነድ ነገር መኖሩ አይደለም። የሕጋቸው መጽሐፍ ሚሽና ከዘረዘራቸው 39 የተከለከሉ ሥራዎች ውስጥ ማንደድ አንዱ፣ ማጥፋት ሌላው ነው። ስለዚህ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የተለኮሰ ሻማ በሰንበት መንደዱ አያስነቅፍም፤ እንዲያውም ሰው በጨለማ እንዳይደናቀፍና ቤት ሰላም እንዲሆን ግዴታ ሆነ። የራቢዎቹን ትውፊት የማይቀበሉት አይሁድ፣ ቀራውያን፣ ደግሞ በስምንተኛው መቶ ዓመት ከአናን ቤን ዳዊት ጀምሮ ክልከላው በእሳቱ ላይ ነው ብለው ቤታቸውን አጨለሙ። እነሱም አንድ ሆነው አልዘለቁም፤ በ15ኛው መቶ ዓመት ቁስጥንጥንያ ውስጥ ኤልያስ ባሽያጺ የተባለው ሊቃቸው የዓርቡን መብራት ሲቀበል ግማሾቹ ተከተሉት፣ ግማሾቹ እምቢ አሉ። ዛሬም ቀራውያን እዚሁ አሽዶድ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

እኛ ቤተ እስራኤል ከሁለቱም ሳንሰማ ቀራውያኑ ወደ ደረሱበት ደርሰናል። ታልሙድ አልነበረንም። ኦሪት ነበረን፤ ኩፋሌ ነበረን፤ ኩፋሌ ደግሞ በመጨረሻው ምዕራፉ በሰንበት እሳት ማንደድን ከማረስ፣ መንገድ ከመሄድ፣ በእንስሳ ከመቀመጥ፣ በመርከብ ከመጓዝ፣ ከመጾምና ከመዋጋት ጋር አንድ ላይ ቆጥሮ ይከለክላል። ትእዛዘ ሰንበት የሚባል የግዕዝ መጽሐፍም ነበረን፤ በእሱ ውስጥ ሰንበት ቀን ብቻ ሳትሆን በፈጣሪ ፊት ቆማ ስለ ሰው የምትለምን ናት።

እኔ የተወለድኩት አምቦበር አጠገብ ነው። ስለ ሰንበት የማስታውሰው ከሁሉ በፊት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያለውን ጥድፊያ ነው፤ ልብስ ይታጠባል፣ ገላ ይታጠባል፣ ዳቦው ይጋገራል፣ ውሃው ይቀዳል፣ ወጡ ወርዶ ይቀመጣል፣ በነጋታው ቀዝቅዞ ይበላል። ከዚያ አያቴ ወደ ምድጃው ትሄዳለች። በሌላው ቀን ማታ ማታ ፍሙን ታዳፍነዋለች፤ ዐመድ ታለብሰዋለች፣ ጠዋት ገለጥ አድርጋ እፍ ስትልበት ይነሳል። የደጋ ቤት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያድር። ዓርብ ግን አታዳፍንም። ፍሙን በትና ውሃ ታርከፈክፍበታለች፤ እንፋሎቱ ሲያርፍ በእጇ ጀርባ ትሞክረዋለች።

ብዙ ጊዜ ሳስበው የኖርኩት ይህንን ነው። ስለ እኛ ጨለማ የሚጽፉት ሰዎች ከዓርብ ወደ ሰንበት የሚተላለፍ ብርሃን የሚባል ነገር ያልታሰበን ያህል አድርገው ይተርኩታል። የተዳፈነ ፍም ግን ምንድነው? ማንም ሳይነካው ከቀን ወደ ቀን የሚሻገር፣ ትናንት የተለኮሰ፣ ዛሬ ማንም ያላነደደው እሳት ነው። ራቢዎቹ ሻማውን የፈቀዱበት ምክንያት ሁሉ በአያቴ ምድጃ ውስጥ በየሌሊቱ ይገኝ ነበር። ማዳፈን እያወቀች ማጥፋትን መረጠች። ኩራዝም ነበራት፤ ሐሙስ ማታ ታበራዋለች። ያደረ እሳት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቅ ነበር።

ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። እኔ ልጅ ነኝ፤ አዲስ አበባ ላይ ከወላጆቼና ከአያቴ ጋር ወደ እስራኤል የሚወስደንን ጉዞ ስንጠብቅ ከቆየን በኋላ ከዚያ ዕለት እስከ ቅዳሜ፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ወጣ። መቀመጫቸው ተነቅሎ ሰው መሬት ላይ የተቀመጠባቸው አውሮፕላኖች ነበሩ፤ አንዱ ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰው ጭኗል። ሰንበት የገባችብን እዚያው መካከል ነው። እሳት አጥፍቶ የሚቀመጥ ሕዝብ በሰንበት ሌሊት ከሚነድ ሞተር በላይ ተቀምጦ ኢየሩሳሌም አገር ገባ። የራቢዎቹ ሕግ ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራል ይላል፤ የእኛ ቄሶችም ያን ዕለት አልተከራከሩም። አያቴ ስለ እሳቱ አንድ ቃል አልተናገረችም።

የተናገረችው በሚቀጥለው ዓርብ ነው። ያኔ ብዙዎቻችን በየሆቴሉ ነበር ያረፍነው። የክፍሉን መብራት አባቴ አጠፋላት። ከበሩ በላይ ባለው መስታወት ግን የኮሪደሩ ብርሃን ይገባል። ወጥታ ማጥፊያውን ፈለገች፤ የሆቴል ኮሪደር ለእንግዳ የሚሆን ማጥፊያ የለውም። ማን እንደሚያበራው፣ ማን እንደሚያጠፋው የማይታወቅ እሳት ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ነጠላዋን አጣጥፋ መስታወቱ ላይ አሰቀለችና ተኛች።

የአገሩ ሊቃውንትም ቢሆኑ ኤሌክትሪክን ገና ሲያዩት ምን እንደሆነ አልተስማሙበትም። ራቢ ሽሎሞ ዛልማን አውርባህ በ1935 መኦሬ ኤሽ የሚለውን መጽሐፉን ያወጣው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። ግሎ የሚያበራ ክር ያለው አምፖል እንደ እሳት ይቆጠራል በሚለው አብዛኞቹ ይስማማሉ፤ ብረት ማጋልም የማንደድ ወገን ነውና። ነገር ግን የማይግል ከሆነስ? በ1953 ያረፈው፣ ሐዞን ኢሽ በሚባለው መጽሐፉ ስም የሚታወቀው ሊቅ፣ ሽቦን ከሽቦ አገናኝቶ ኤሌክትሪክ ማስኬድ ራሱ እንደ መገንባት ነው አለ። አውርባህ አልተቀበለውም፤ በየጊዜው የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር እንዴት ግንባታ ይባላል ብሎ። ለእኔ እንደ ሠራተኛ የአውርባህ አስተያየት ይቀርበኛል። በተግባር ግን ሁለቱም መንገድ አንድ ቦታ ያደርሳል፤ በሰንበት ማብሪያ አይነካም። ዲመርም ቢሆን ዝቅ ከፍ አይደረግም።

የእማማ ጥያቄ ግን ስለ መንካት አይደለም። ስለ ማደር ነው። እዚህ ላይ ሻማና አምፖል አንድ አይደሉም፤ ሰዎች ይህን ሲዘነጉት ይገርመኛል። ሻማ ሰሙን ይዞ ነው ሰንበት የሚገባው። የሚነደው ሁሉ ዓርብ እጁ ላይ አለ፤ ከውጭ የሚጨመርለት አየር ብቻ ነው። አምፖል ምንም አልያዘም። አሁን የሚያበራው አሁን የመጣለትን ነው። ከእነ እማማ ቤት ሰገነት ላይ ብትቆሙ የኤሽኮል የኃይል ማመንጫ ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ፤ ከ2004 ጀምሮ የተፈጥሮ ጋዝ ያቃጥላል። በየማመንጫው ሰንበት ሌሊትም ተርባይኑ ይሽከረከራል፣ ተረኛው ሠራተኛ መቆጣጠሪያው ፊት ተቀምጧል። ኮሪደሩ ላይ ያለው ብርሃን ከእንዲህ ያለ እሳት የመጣ ነው፤ እሳቱም ዓርብ የተለኮሰ ሳይሆን በዚያችው ቅጽበት የሚነድ ነው። ብኔ ብራቅ ከተማ ውስጥ በሰንበት የሕዝቡን መስመር ትተው በግል ጄኔሬተር የሚያበሩ ቤቶች መኖራቸው ከዚሁ ነው፤ ሐዞን ኢሽ አይሁዳዊ ሰንበትን ሽሮ ባመነጨው ኤሌክትሪክ መጠቀምን ይቃወም ነበር። እማማ ስለ ብኔ ብራቅ የሚያውቁት ነገር የለም። ኮሪደር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እነዚያ ሰዎች የሚጨነቁበት ቦታ አጠገብ ደርሰዋል።

ጥያቄያቸው ከሰንበትም ይሰፋል። አንድ የተጀመረ ነገር በራሱ ይቀጥላል ወይ፣ ወይስ በየቅጽበቱ የሚያኖረው አለ? ራምባም፣ ማለትም ሙሴ ቤን ማይሞን፣ በ12ኛው መቶ ዓመት በጻፈው የግራ የተጋቡ መሪ ውስጥ የእስልምና ካላም ሊቃውንት ስለዚህ የሚሉትን በዝርዝር ይተርካል። እንደነሱ ጊዜ ራሱ ሊከፈሉ በማይችሉ ቅጽበቶች የተሠራ ነው፤ የጨርቁ ቀለም፣ የብዕሩ መንቀሳቀስ፣ ሁሉም በየቅጽበቱ ይጠፋና ፈጣሪ እንደ አዲስ ይፈጥረዋል፤ እኛ አንድ ቀጣይ ነገር የምናይ ይመስለናል። ራምባም ይህን አልወደደውም፤ የነገሮችን ጠባይ ከሥራቸው የሚነቅል አድርጎ አየው። እኔ ከዲመር ጋር ስለምውል ይሆናል ወደ ካላም ሰዎቹ የማደላው። በሰከንድ መቶ ጊዜ የሚቆራረጥ ነገር አንድ ሆኖ ሲታይ በየቀኑ እያየሁ፣ ዓለም እንደዚያ ሊሆን አይችልም ለማለት አፌን አልሞላም። የራቢዎቹም የማለዳ ጸሎት ፈጣሪ ፍጥረትን በየዕለቱ ያድሳል ይላል።

ይህን ከልጅየው ጋር ሳነሳው ጥሩ ነገር አመጣብኝ። «ፈጣሪ ዓለምን በየቅጽበቱ የሚያድስ ከሆነ በሰንበትም ያድሳል ማለት ነው። ፀሐይን አያጠፋም። ታዲያ እኛ የኮሪደር መብራት ብናሳድር ምን ነውር አለው?» አለኝ። የድሮ ሊቃውንትም በዚህ ተጠይቀዋል፤ ፈጣሪያችሁ ሰንበትን አይጠብቅም ወይ ሲሏቸው ዓለም ሁሉ ግቢው ነው፣ ሰው በገዛ ግቢው ውስጥ ዕቃ ማንቀሳቀስ አልተከለከለም ብለው መለሱ።

እማማ ከመልሳችን ሁሉ አጠር ያለ ነበራቸው። «የእርሱን ማን አጥፉ አላችሁ? የራሳችንን ነው እንጂ።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ የአምቦበርን ጨለማ እንደ ጨለማ መቁጠር ያስቸግራል። የሰው እሳት ሲጠፋ ጨረቃውና ከዋክብቱ እዚያው ናቸው፤ ማንም ሰው ያልለኮሰው፣ ማንም ሰው ሊያጠፋው የማይችለው ይቀራል። አያቴ ዓርብ ማታ የምታደርገው ሁለቱን መለየት ነበር፤ የእኛ ምኑ ነው፣ የእርሱ ምኑ ነው ብሎ። ስድስት ቀን ሙሉ ተቀላቅሎ የሚኖረውን በአንድ ሌሊት ለይታ ታየዋለች። የኮሪደር መብራት ዝቅ ብሎም ይሁን ከፍ ብሎ ይህን ልዩነት ያጠፋዋል። ሰዓት እየጠበቀ የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ ደግሞ፣ በዚህ አገር እንደ ጨው በየቤቱ የሚገኘው የሰንበት ሰዓት፣ የባሰ ነው፤ እጃችን ታስሮ ትእዛዛችን ይሠራል። ሕጋዊ ነው፤ አልቃወምም፤ እኔ ራሴ ለብዙ ቤት አስገብቻለሁ፣ ዋጋውንም ተቀብያለሁ።

ወደ ሥራው ልመለስ። አዲሱን ዲመር ካስገባሁ በኋላ መርገብገቡም ጩኸቱም ቆመ። ብሬከሩን አንስቼ፣ ከሁለቱም ጫፍ ሞክሬ፣ አጥፍቼ ዕቃዬን ስሰበስብ እማማ ጣሪያውን አሳዩኝ። አምስቱ አምፖሎች ጠፍተው በጣም ደካማ በሆነ ብርሃን ያጨነቁራሉ። «ጠፋህ ብለኸው ይጠቅሰኛል» አሉ።

ይህ የቱ ዌይ የታወቀ ጠባይ ነው። መብራቱ ሲጠፋ ከሁለቱ ተመላላሽ ሽቦዎች አንዱ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆማል፤ ሌላው ባዶውን ከአምፖሉ ጋር ተገናኝቶ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ግን በአንድ ቱቦ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ከያዘው ወደ ባዶው ሳይነካካ ጥቂት ይሻገራል። ለድሮ አምፖል ምንም አይደለም፤ ለኤል ኢ ዲ ግን ትንሿም ትበቃዋለች። ልጅየው «ጠፍቷል ማለት ነው፤ ማብሪያው ተዘግቷል» አለ። እማማ «ጠፍቷል ካላችሁ ይጥፋ እንጂ» አሉ። እዚህ ላይ ከእማማ ጋር ነኝ። መሰላል አስመጥቼ አምፖሉ ዘንድ ባይፓስ የምትባለውን ትንሽ ዕቃ አስገባሁ፤ የተሻገረችዋን ትውጣታለች። ኮሪደሩ እውነተኛ ጨለማ ሆነ።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም፤ በኋላ የሆነውን ምራትየዋ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። በመጀመሪያው ዓርብ ሻማው ሊለኮስ ጥቂት ሲቀር ልጅየው ስለ እናቱ ብሎ ሳሎን በኩል መብራቱን አጠፋው። እማማ ጨለማውን ሲያዩ ሕፃናቱ ይፈራሉ ብለው በእሳቸው በኩል ተጫኑ። በራ። ሰንበት ገባች፤ መንካት ቀረ። ሌሊቱን ሙሉ በራ፤ ሁለቱም ለሌላው ብለው ነክተውት! ሚሽናው አንዱ ብቻውን ሊያወጣው የሚችለውን እንጀራ በሰንበት ሁለት ሰዎች ይዘው ወደ ውጭ ቢያወጡት ከቅጣት ነፃ ናቸው ይላል፤ ሥራው የማንኛቸውም ሙሉ ሥራ አይደለምና። እነዚህማ ሰንበት ከመግባቷ በፊት ስለነኩት ጉዳዩ ከነጭራሹ አይነሳም። በሚቀጥለው ዓርብ ተነጋገሩ። የኮሪደሩ መብራት በእማማ እጅ ይጠፋል፤ የሽንት ቤቱ በርቶ በሩ ገርበብ ይላል፤ ለሕፃናቱ ይበቃል። አዲሱ ዲመር ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያገለግላል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። በሕጉ በኩል ልጅየው አልተሳሳተም፤ ሰንበት በሰው ሥራ ላይ የተጣለ ወሰን ነው፣ እጅ ካልነካ ተላላፊ የለም። እማማም አልተሳሳቱም፤ አምፖሉ የሚያሳድረው እሳት የለውም፣ ሌሊቱን ሙሉ ይለኮሳል። ልጅየው የሚሳሳተው የእናቱን ሰንበት ሕግ ሳይደርሰው የቀረ ሰንበት ነው ሲል ብቻ ነው፤ ይህን ሲል ደግሞ ሰምቼዋለሁ፣ ብዙ ቤትም ይባላል። ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ተመልሰው አያቶቻችን ኢትዮጵያ ሳሉ ሻማ ስለማያውቁ በጨለማ ይቀመጡ ነበር ቢሏችሁ ዝም አትበሉ። ሐሙስ ማታ ፍሙ ይዳፈን እንደነበር፣ ዓርብ ማታ ግን ውሃ ይፈስበት እንደነበር ንገሯቸው። አያቶቹ በሕይወት ካሉም እዚያው ፊታቸው አስቀምጣችሁ ራሳቸው እንዲናገሩት ጠይቁ።